ከእራት በኋላ ያለው እራት

አክስቴ ዓይናቸውን ለመታከም ከፃግብጂ መጥተው እኛ ቤት አንድ ወር ያህል ሰንብተው ነበር። ፃግብጂ የት ነው ለምትሉ፣ ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ከሰቆጣ ወዲያ ያለ ወረዳ ነው። አክስቴ ሌሊት ሌሊት ለጸሎት የመነሳት ልማድ አላቸው። አንድ ቀን ታዲያ ለጸሎት ሲነሱ፣ የኔ ሰዓት ከእሳቸው ሰዓት ጋር ተጋጨ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ፍሪጁን ከፍቼ፣ በባዶ እግሬ ቆሜ፣ ከልጄ ብስኩት ሦስተኛውን ወደ አፌ ስልክ ያዙኝ።

«ልጄ፣ እራት አልበላህም ነበር እንዴ?»

«በልቻለሁ እትዬ።»

«ታዲያ ምነው?»

«እኔ እንጃ… የራበኝ መሰለኝ።»

አክስቴ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በቁጣም ሳይሆን፣ በፌዝም ሳይሆን፣ የምር ማወቅ በፈለገ ሰው ድምፅ «ራብም እንዲህ ‘መሰለኝ’ ይባላል እንዴ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ነገሩን እንዲሁ አልተዉትም። «እንጀራ በሽሮ ላቅርብልህ?» አሉ። ኧረ አይሆንም አልኩ። «እንግዲያውስ አምሮህ ነው እንጂ አልራበህም» ብለው ወደ ጸሎታቸው ሄዱ። ብስኩቱን ጨረስኩት፤ እውነቱን ለመናገር ግን አልጣመኝም።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት አንድ ሐኪም የደም ስኳሬን አይቶ «ድንበር ላይ ነህ» ብሎኝ ነበር። ድንበር ላይ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንድ እግርህ እዚህ፣ አንድ እግርህ እዚያ ነው። አባቴ ያንን ድንበር ተሻግሮ ምን እንደሆነ አይቻለሁና ፈራሁ። ስለዚህ «ዳይት» ጀመርኩ። ጠዋት ስኳር የሌለው ቡና ብቻ። ምሳ ላይ ቅጠል። ጓደኞቼ ክትፎ ሲያዙ እኔ ሰላጣ አዝዤ የጀግና ፊት አሳያለሁ። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ እኔን የመሰለ ቁርጠኛ ሰው በአዲስ አበባ አልነበረም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ዜናው ያልቃል፣ ድራማው ይጀምራል፣ እግሬ ወደ ማድ ቤት ይመላለሳል። መጀመሪያ ከእራት የተረፈችው ፍርፍር «እንዳትበላሽ» ትበላለች። ቀጥሎ ዳቦ ቆሎ፣ «ለመቅመስ ያህል»። ቀጥሎ ኦቾሎኒ፣ «ጤና ነው ይላሉ» በሚል ሰበብ። (ጤናስ ይሁን፤ ነገር ግን መቶ ግራም ኦቾሎኒ ወደ 570 ካሎሪ ገደማ አለው። በእፍኝ እየዘገነ ድራማ የሚያይ ሰው መቶ ግራሙን የት እንዳደረሰው አያውቀውም።) ሁሉም ታዲያ ቆሞ ነው የሚበላው። ቆሞ የተበላ አይቆጠርም የሚል ሕግ በየቤታችን ሳይጻፍ ጸድቋል። ጠዋት ሚዛን ላይ ስወጣ ግን ሚዛኑ ይህንን ሕግ አያውቀውም።

እንግዲህ የዛሬው ትችቴ በዚህ ነገር ላይ ነው፤ መጀመሪያ በራሴ ላይ፣ ቀጥሎም ዛሬ ከየአቅጣጫው በሚጎርፍልን የዳይት ምክር ላይ። ምክሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሬዲዮው ይናገረዋል፣ የስፖርት ቤቱ አሠልጣኝ ይናገረዋል፣ የፀጉር ቤቷ ደንበኛ ትናገረዋለች። «ማታ ከራበህ አምስት ፍሬ አልሞንድ ብላ፤ የግሪክ እርጎ ቅመስ፤ ውኃ ጠጣ፤ ቁርጠኛ ሁን» ይላል። አልሞንዱ በስንት ብር እንደሚገዛ ይቅርና፣ ምክሩ ከመነሻው አንድ ትልቅ ጥያቄ ዘሎ ያልፋል። አክስቴ የጠየቁኝን ጥያቄ። ለመሆኑ ራበህ ወይስ አማረህ?

አማርኛችን ለሁለቱ ሁለት ቃል የሰጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ራብ ሆድ ላይ ነው፤ አምሮት አፍ ላይ። ራብ አይመርጥም፣ ቂጣ ቢያገኝ በቂጣ ይበርዳል። አምሮት ግን ይመርጣል፤ ጨው ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ ነገር ይላል። ራብ ሲበላ ይጠግባል። አምሮት ሲበላ ይብሳል። ለነፍሰ ጡር ሴት አምሮቷን ፈልገን እናመጣለን እንጂ «ራቧን» አንልም፤ ልዩነቱን እናውቀዋለን ማለት ነው። ከተሜ ሆነን፣ ደልቶን፣ ዳይት ስንጀምር ነው ቃሉ የጠፋብን። ዛሬ ኬክ ቤት በር ላይ ቆሞ «ሞትኩ በራብ» የሚል ሰው መስማት ብርቅ አይደለም።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባላነሳሁት። ነገር ግን በሽታው በስሙ ካልተጠራ መድኃኒቱም ይሳታል። እንዲያውም ሁለቱንም ወገን የሚመለከት ስህተት ነው። አምሮትን ራብ ካልነው፣ ሆዳችን ሳይጎድል እንሞላዋለን። እውነተኛውን ራብ ደግሞ አምሮት ካልነው፣ ሰውየውን «ቁርጠኝነት የለህም» እያልን እናሸማቅቀዋለን። እኔ ላይ የደረሰው ሁለቱም ነው። አክስቴ ያንን ከተናገሩኝ በኋላ በየምሽቱ ፍሪጁን ከመክፈቴ በፊት ራሴን «እንጀራ በሽሮ ቢቀርብልህ ትበላለህ?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። አንዳንድ ማታ መልሱ «አልበላም» ነው። ያ አምሮት ነው። ብዙ ማታ ግን፣ ይገርማችኋል፣ መልሱ «አሳምሬ እበላለሁ!» ሆነ። ለምን አይሆን! ቀኑን ሙሉ በቡናና በቅጠል የዋለ ገላ ማታ ቢጮህ ምን ይፈረድበታል?

ሳይንሱም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1955 አልበርት ስታንካርድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ክብደታቸው ከበዛ ሕሙማን መካከል የተወሰኑት አንድ ዓይነት ጠባይ እንዳላቸው ጻፈ። ጠዋት ምግብ አያሰኛቸውም፤ ማታ ይበላሉ፤ ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። ያኔ «የሌሊት በላተኝነት» ብሎ እንደ ሕመም የመዘገበው ነገር የጥቂቶች ነው፤ ቀለል ያለው ዓይነቱ ግን በየቤታችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች አሥራ ሁለት ሰዎችን ለ13 ቀናት ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ቤት አስቀምጠው፣ የገላቸው ሰዓት ከምግባቸውና ከእንቅልፋቸው ተነጥሎ እንዲታይ አደረጉ። የራብ ስሜት በገላችን ሰዓት ዝቅ የሚለው በኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ግድም ሆኖ ተገኘ። ከፍ የሚለውስ? ማታ ሁለት ሰዓት ግድም። የሚያምረውም ጣፋጩ፣ ጨዋማውና እንደ ዳቦና ድንች ያለው ነው።

ማታ ሁለት ሰዓት! ይኸው ለብዙ ዘመን አገር በሙሉ ለዜና ቴሌቪዥን ፊት የሚሰበሰብበት ሰዓት ማለት እኮ ነው። ገላችን በተፈጥሮው አፉን በሚከፍትበት ሰዓት እኛ ሶፋ ላይ ተደላድለን፣ እጃችን ሥራ ፈትቶ፣ ማስታወቂያው በየመሐሉ ብስኩትና ለስላሳ እያሳየን እንቀመጣለን። ከዚያ «ምን ነካኝ?» እንላለን። ምንም አልነካህም ወንድሜ፤ ሰዓቱ ነው።

እንቅልፍም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ ጥናት አሥራ ሁለት ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ አድርጎ፣ አሥር አሥር ሰዓት ከተኙበት ጊዜ ጋር አወዳደረ። እንቅልፍ ሲያጡ የጥጋብን ምልክት የሚሰጠው ሆርሞን በ18 በመቶ ወረደ፤ የራብን ምልክት የሚሰጠው በ28 በመቶ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ያንኑ ምግብ በአራት ሰዓት ያህል አዘግይቶ መብላት ራብን እንደሚጨምርና ገላ የሚያቃጥለውን ጉልበት እንደሚቀንስ አሳየ። ጥናቶቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸውና እንደ ሕግ አልጠቅሳቸውም። ነገር ግን «ማታ የሚበላ ሰው ሰነፍ ነው» ከሚለው ስብከት ይልቅ እውነቱ ወደዚህ ይቀርባል።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ከዚያ ምሽት በኋላ ቡና እየጠጣን ስለ ምግብ ብዙ አወጋን። አንድ የነገሩኝ ነገር አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ሳይደርስ፣ ከገበታ አንዱን ማንሳት ግድ ይላል። «ታዲያ የምናነሳው የቀኑን ነው። የማታውን አንነካም» አሉኝ። «ቀን ልጅ ይጫወታል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ይረሳዋል። ማታ ግን ራቡን ይዞ ልጅ አይተኛም።»

እኔም ቀኑን ነበር ያነሳሁት! እሳቸው ጎተራው ስለጎደለ፣ እኔ ቦርጬ ስለተረፈ። ገላ ታዲያ ባዶ የሆነው በድርቅ ይሁን በዳይት አይጠይቅም። የዋለበትን ጉድለት ማታ ይጠይቃል። ልዩነቱ፣ እሳቸው የማታውን ገበታ የሚጠብቁት በዕውቀት ነው። ሰዓቱን ያውቁታል፣ ልጁን ያውቁታል፣ ራብን ያውቁታል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ በፍሪጅ መብራት የምደናበረው አንዱንም ሳላውቅ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ በዋግ ሰው እየተራበ አንተ ስለ ብስኩት ትጽፋለህ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ብስኩቱን ባልበላው ለፃግብጂ ሕፃን አይደርሰውም፤ እንደዚያ እያሉ ራስን ማሸማቀቅ ማንንም አይመግብም። ይሁንና ሁለቱ ነገሮች አንድ አገር ውስጥ፣ አንዳንዴም እንደኔ አንድ ቤተሰብ ውስጥ መሆናቸውን መርሳት አይገባም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶቻችን 22 በመቶው ከሚገባው በታች የቀጠኑ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ናቸው። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ቃሉ የተጠራው በሰቆጣ ስም ነው፤ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን»። ከዚያ ወዲህ ጦርነቱ መጣ፤ ከፃግብጂና ከአበርገሌ ብዙ ሰው ቀዬውን ጥሎ ሰቆጣ ተጠለለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሰሃላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን ድርቅ መታቸው።

ይህን ሁሉ ሰዓት ሰጥቶ ከሚያወራው ይልቅ ስለ ቦርጭ የሚያወራው ይበዛል። እዚህ ላይ ነው ትችቴ የሚጠነክረው። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የቀረፀውን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ አሳየ። ዋግም ያኔ ወሎ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ያኔ ድግስና ረሃብ በአንድ መስኮት፣ በአንድ ምሽት መታየታቸው ሰውን አስደንግጦ ነበር። ዛሬ ማፈራረቁ ራሱ የዘወትር ፕሮግራም ሆኗል። የምግብ ማስታወቂያ፣ የድርቅ ዜና፣ የዳይት ምክር፣ እንደገና የምግብ ማስታወቂያ። እኛም ኦቾሎኒያችንን እየቆረጠምን ሁሉንም እኩል እናየዋለን። «ራበኝ» የሚለውን ቃል ለብስኩት ካዋልነው፣ የሌላው ራብ በዜና ሲነገር ቃሉ በጆሯችን ክብደት ያጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸ ነው። ሚዛን ላይ የሚጨምረው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ከቃል ላይ የሚቀንሰውም ክብደት አለ።

ሌላው የምክሩ ጉድለት እኛን እንደ ብቸኛ ሰው ማየቱ ነው። እኛ እኮ ዓመቱን ግማሽ ያህል የምንጾም ሰዎች ያለንበት አገር ነን። አንድ የማውቀው ሰው ዐቢይ ጾምን ሃምሳ አምስቱንም ቀን ሥጋም ወተትም ሳይነካ ይዘልቃል፤ ያው ሰው በዳይት አንድ ሳምንት አይሞላም። ጎረቤቴም ረመዳንን ሙሉ ቀኑን ውኃ ሳይቀምስ ይውልና፣ ከዒድ በኋላ ማታ ማታ ኬክ መተው ያቅተዋል። ቁርጠኝነት ጎድሏቸው ነው? አይደለም። ጾም ቀን አለው፤ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ቤተሰቡ አብሮ ይጾማል፤ መፈሰኪያና ማፍጠሪያውም የጋራ ነው። ዳይት ግን አንዱ ለብቻው ሲሰቃይ ሌላው አጠገቡ ሲጎርስ ነው። አጠገቡ ያለውም ዝም አይልም፤ «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ!» ይለዋል። እምቢ ሲል ይቀየሙታል፤ ሲበላ «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» ይሉታል። ለአንድ ቃል ይህን ያህል ሹመት የሰጠን ሕዝብ እኛ ሳንሆን አንቀርም።

እንግዲህ ምን አደረግህ ካላችሁኝ፣ የሠራልኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀኑን መለስኩት። ጠዋት ቅንጬ ወይም በሶ፤ ምሳ ላይ በልክ የሆነ እንጀራ ከሽሮ ወይም ከምስርና ከጎመን ጋር። «ዳይት ላይ አይደለህም እንዴ?» ያሉኝ ነበሩ፤ እኔ ግን የማታው ጩኸት ከግማሽ በላይ የቀነሰው በዚህ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ እራታችንን ከሦስት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት አመጣነው፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍተን፣ በአንድ ትሪ፣ ሁላችንም። ሦስተኛ፣ ቆሞ መብላትን ከለከልኩ። አምሮት ከመጣ ይምጣ፤ ቆሎ በቡና ስኒ ይሰፈርና ቁጭ ተብሎ ይበላል። ከረጢቱ ግን ሳሎን አይገባም። (አንድ ስኒ ቆሎ በዝግታ ሲቆረጠም ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ሞክሩትና እዩ። አምሮት ደግሞ ጊዜ ከሰጡት ብዙውን ጊዜ ሳይሰናበት ይሄዳል።) አራተኛ፣ ቡናውን ወደ ከሰዓት መልሼ በጊዜ መተኛት ጀመርኩ። የተኛ ሰው ፍሪጅ አይከፍትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ እንክብል የምትወስዱ ሰዎች የኔን ጽሑፍ አንብባችሁ ማታ የምትበሉትን ነገር እንዳትተዉ። ለአንዳንድ ሕመምተኛ ከመኝታ በፊት የምትበላው ትንሽ ነገር ሌሊት ስኳር ወርዶ እንዳይጎዳው የምትጠብቀው ናት። የናንተ ሰዓት የሐኪማችሁ ሰዓት ነው። ማታ እየተነሳ ሳይበላ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ወይም በድብቅ በልቶ ራሱን የሚጠላ ሰውም ካለ፣ ያ የቁርጠኝነት ጉዳይ ስላልሆነ ሐኪም ያማክር።

ሁልጊዜ ይሳካልኛል አልልም። ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ልደት ነበር፤ የተረፈው ኬክ እኛ ቤት ማደሩ ጥሩ አልነበረም። ሚዛኑም ከዚያ ወዲህ ትንሽ ተቀይሞኛል። የስኳር ምርመራዬ ግን በመጨረሻ ስለካ ከድንበሩ ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብሎ አግኝቼዋለሁ። ጥቂት ናት፣ ግን ወደ ኋላ ናት።

አክስቴ ዓይናቸው ተሽሏቸው አገራቸው ከገቡ ቆዩ። መንገድ ሲጀምሩ ልጄ ያንን የብስኩት ፓኬት ለመንገድ ብላ ሰጠቻቸው፤ «ለልጆቹ አደርሰዋለሁ» ብለው ከነጠላቸው ጫፍ ጋር ቋጠሩት። አሁን አልፎ አልፎ፣ ኔትወርኩ ሲፈቅድ፣ ማታ ይደውላሉ። እኔ መጀመሪያ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ እጠይቃለሁ። መልሳቸው አንዳንዴ ደግ ነው፣ አንዳንዴ ዝም ይላሉ። ከዚያ እሳቸው በተራቸው ይጠይቁኛል።

«አንተስ ልጄ፣ አሁንም ራብ ይመስልሃል?»